ደቦውን ማን ጠራው?

እህ ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አይተውት ወደማያውቁት አገር ስለሄዱ ልጆች ነው። ሄደው ስላስተማሩ፣ ስላረሱ፣ ጎጆ ስለቀለሱ። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ወጌን የምይዘው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከተቀባዩ ወገን ነው። አፈሩ ከሚቀላበት፣ ቀርከሃው ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለበት፣ ማንጎ በየደጁ ከቆመበት፣ ከአሶሳ።

አስቀድመን ግን ስለ ደቦ አንድ ነገር እናስታውስ። አንዱ ደቦ ይለዋል፣ ሌላው ጅጊ፣ ሌላው ወንፈል። በየአገሩ ወጉ ትንሽ ትንሽ ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው፤ ደቦ የሚጠራው ባለማሳው ነው። ቀን የሚቆርጠው እሱ፣ ሥራውን የሚለየው እሱ፣ የሚደግሰውም እሱ። «ዛሬ አረም ነው» ካለ አረም ነው፤ «አጨዳ ነው» ካለ አጨዳ ነው። ጉልበት ስላለው ብቻ ተነሥቶ በሰው ማሳ ላይ ደቦ የሚጠራ የለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ይህን ሕግ ያዙልኝና እንቀጥል።

በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ያቋቋሙት የሰላም ጓድ ልጆች ናቸው፤ ሰዉ ግን «ፒስ ኮር» ብሎ ነው የሚያውቃቸው። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ይባል ነበር። አብዛኞቹ መምህራን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥርም በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ። የባሕር ማዶ ልጅ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ሁለት ዓመት ተቀምጦ ካስተማረ፣ የእኛው ተማሪ ምን ያግደዋል? ጥያቄው አይቀሬ ነበር።

መልሱም አልዘገየም። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ደንብ አወጣ፤ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል አለበት። ስሙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተባለ። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ የተመረቁ ልጆቿን ከየትውልድ ግዛታቸው እያወጣች ለአንድ ዓመት አገልግሎት መላክ የጀመረችው በ1965 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እኛ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀድመን ነበር ማለት ነው። ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል፤ ኩራቱንም አልደብቀውም።

ልጆቹ መጀመሪያ አኩርፈዋል። ዓመታችን ተቃጠለ ያለም ነበር። አብዛኞቹ መምህር ሆነው ነው የተመደቡት። ግን ያቺ ዓመት አገራቸውን አሳየቻቸው። አዲስ አበባ ተቀምጠው በ1957 ዓ.ም. በሰልፍ «መሬት ለአራሹ» ብለው የጮኹለትን ገበሬ፣ አሁን ደጁ ላይ ቆመው አዩት። ብዙዎቹ ሲመለሱ ሲሄዱ የነበሩት ልጆች አልነበሩም።

ሌላም እንግዳ ነበረ፤ እግረ መንገዴን ላንሣው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1950 ዓ.ም. ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥተው ነበር። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ አዲስ አበባ የተማረው በዚያ ዘመን ነው። እነዚያ ልጆች ከቅኝ ግዛት ጋር ከሚታገሉ አገሮች የመጡ ናቸውና ተናጋሪዎች ነበሩ፤ የእኛን ዝምተኛ ተማሪ አነቃነቁት። እነሱ ግን ተጠርተው የመጡ ናቸው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ አሶሳ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ስትነሡ አምቦን፣ ባኮን፣ ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ነጆን፣ መንዲን እያላችሁ፣ ባምባሲን አልፋችሁ ነው የምትገቡት፤ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወዲያ ማዶ ኩርሙክ አለ፣ ከዚያ ሱዳን። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው የሚኖሩበት ምድር ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን የአፄ ምኒልክን ጦር ይዘው ከዘመቱበት ጊዜ ጀምሮ ለመሃል አገር ወርቅ ሲገብር ኖሯል። ወርቅ ብቻም አይደለም፤ ሰውም ተወስዷል። የባርነት ነገር ለመስማት ይከብዳል፤ ካልተነገረ ግን የቀረው ወሬ ሁሉ ሥር አይኖረውም። በዚያ ምድር በአያት ትዝታ ውስጥ ከመሃል አገር የሚመጣ ሰው ወይ ወርቅ ሊወስድ፣ ወይ ሰው ሊወስድ ነው የሚመጣው። «ልረዳችሁ መጣሁ» የሚል ልጅ እዚያ ደጅ ሲቆም፣ ከኋላው ይህ ሁሉ አብሮት ይቆማል። ልጁ አያውቀውም። አሮጊቷ ታውቀዋለች።

እንዲህ ሆኖ 1967 ዓ.ም. መጣ። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ገብቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተንቀሳቀሱ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችም ደብተራቸውን አስቀመጡ።

አንድ ልጅ አስቡልኝ። ስም አልሰጠውም፤ እንደሱ ያሉ ሺዎች ነበሩና። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ። ካኪ ለብሷል፣ ጫማው ገና እግሩን አለመደም። እናቱ በሶ ቋጥራለታለች። ወለጋ ነው የደረሰው፤ አሶሳ ያን ጊዜ የወለጋ አውራጃ ናትና ወዲያ ወረደ እንበል። ነጆን ሲያልፍ አየሩ ተለወጠ፤ መንዲን ሲያልፍ ቋንቋው ተለወጠ። ቦርሳው ውስጥ ያለው መልስ ግን አልተለወጠም። መልሱ መሬት ላራሹ ነው። የካቲት 25 ቀን አዋጅ ቁጥር 31 ወጣና የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ልጁ በደስታ ጨፈረ። መጨፈሩም ይገባው ነበር! ለወሎ፣ ለአርሲ፣ ለከፋ፣ ለሲዳሞ ጢሰኛ ያ አዋጅ የዘመናት እንባ ማድረቂያ ነበረ።

ጉሙዙ ዘንድ ሲደርስ ግን መልሱ ጥያቄ አጣ። ጉሙዝ መሬቱን እያፈራረቀ ነው የሚያርሰው። ጥቂት ዓመት ያርስና ትቶት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የተወው መሬት ጫካ ሆኖ ዐርፎ ይመለሳል፤ እሱም በተራው ይመለስበታል። ያ መሬት የጎሳው ነው። እህሉን አካፍሎ የሚሰጠው እንደ ሸዋው ያለ ባለርስት ከራሱ ላይ የለም። «ባላባትህ ማን ነው?» ቢሉት ምን ይበል? ዐሥር ሄክታር ቢሰፍሩለት የቱን? ዘንድሮ የሚያርሰውን ወይስ ያሳረፈውን? ልጁ ከልቡ ነበር፣ ቸር ነበር፣ ያጠናውን ነው የተናገረው። ማንም ግን «ና» ብሎ አልጠራውም። የጠራው መንግሥት ነው፤ ማሳው ደግሞ የመንግሥት አልነበረም።

ዘመቻው በሌላ ሌላው አገር ምን እንዳስከተለ ታውቃላችሁ። ጅማ ላይ ተማሪና ባለሥልጣን ተጋጭቶ ደም ፈሰሰ፤ ወላይታም እንዲሁ። በ1968 ዓ.ም. ዘመቻው ሲያበቃ ልጆቹ ወደ ከተማ ተመለሱ፣ ወዲያውም የቀይ ሽብር ዓመታት ዋጧቸው። ካኪ ለብሰው ከሄዱት ስንቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ መንገድ ላይ ተረሽኗል። ይህን ሳላስታውስ ዘማቾቹን መውቀስ አልችልም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ይኼኛው ሥራ ትልቅ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ። እናት ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ ስሟን ጻፈች። በ1972 ዓ.ም. ዓመቱ ሳይወጣ ዩኔስኮ ሸለመን። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች መሰጠቱ ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ እያለ ይቀጥላል። በሺህ ዓመት ታሪካችን ታይቶ አይታወቅም።

ዝርዝሩን ግን እስከ ታች አንብቡት። በርታ የለም። ጉሙዝ የለም። ሺናሻ የለም። ማኦና ኮሞም የሉም። ዘማቹ ፋኖሱን ለኩሶ፣ ሰሌዳውን ከዛፍ ላይ ሰቅሎ ለበርታዋ እናት ሲያስተምር፣ የሚያስተምራት ሁለት ነገር ነበር ማለት ነው፤ ፊደሉንም ቋንቋውንም። ቀን ማሽላ ስትፈጭ ውላ ማታ ለምትመጣ ሴት ሁለት ሸክም ነው። «ሀ» ን ከመያዟ በፊት ዘማቹ ምን እንደሚላት ማወቅ ነበረባት። በእነዚያ ቋንቋዎች የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ልጆች አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ መማር የጀመሩት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ሐምሌ ያልተጠየቀው ጥያቄ ለመጠየቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ።

አሁን ወደሚከብደው ደረስኩ። ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. አሶሳ ዙሪያ ሰፋሪዎች መግባት ጀመሩ፤ ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ ድርቅ ያፈናቀላቸው። ዛሬም ወደዚያ ስትሄዱ ቀበሌዎቹ አምባ 5፣ አምባ 14፣ መገሌ 33 እየተባሉ ይጠራሉ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ እጅግ ሰፋ። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ሀዲያ ወደ 600 ሺህ ሰው አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወሰደ። ዛሬ ከአሶሳ ጋር በአንድ ክልል ያለው፣ ያን ጊዜ ግን በጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረው መተከል፣ የበለስ ወንዝ ሸለቆ፣ ፓዌ የሚባለው ቦታ ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተቀበለ።

ለዚያ ሁሉ ሰው ጎጆ ማን ይሥራ? የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራን ታዘዙ። ወደ ጋምቤላ የሄደ ሄደ፣ ወደ መተከል የሄደ ሄደ። እንጨት ቆረጡ፣ ቀርከሃ ፈለጡ፣ ሣር አጨዱ፣ ግድግዳ ማገሩ። ሙቀቱ የሚያዝል፣ ወባው የሚጥል ነው። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ምሣር ጨብጠው አያውቁም፤ መዳፋቸው ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። ነገሩን በደስታ ያደረገው ተማሪ ብዙ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበርና። ቢሆንም ልጁ አጥንቱ የቀረ የወሎ ሕፃን በቴሌቪዥን አይቷል። ለዚያ ሕፃን ጣሪያ እሠራለሁ ብሎ ነው ምሣሩን ያነሣው። ላቡ የእውነት ላብ ነው።

ጎጆው የተሠራው ግን በማን ምድር ላይ ነው? ያ ባዶ ነው የተባለው መሬት የጉሙዝ ዕረፍት ላይ ያለ መሬት ነበረ። ስም ያለው ወንዝ፣ ስም ያለው ጉብታ፣ የማር ዛፉ፣ የአደን ቦታው የታወቀ አገር ነበረ፤ ካርታው ላይ መንደር 7 እየተባለ ቁጥር ተሰጠው። ጉሙዙ አልተጠየቀም። ከወሎ የመጣውም ሰፋሪ ቢሆን ስንቱ ወዶ መጣ? ሚስት ከባሏ፣ ልጅ ከእናቱ ተለያይቶ ነው የተጫነው፤ ስንቱን ወባ ጨረሰው። እንግዲህ ባለማሳው አልጠራ፣ የሚገባበት ሰው አልጠየቀ፣ ሠሪው ታዞ መጣ። ሦስቱም ሳይፈልጉት አንድ ቦታ ተገናኙ። የተማሪው ላብ፣ የሰፋሪው እንባና የጉሙዙ ቁጣ በአንድ ግድግዳ ላይ ተመረገ።

በኋላ ጣሊያኖች የጣና በለስ ፕሮጀክትን ይዘው መጡ። የሳሊኒ ኩባንያ መንገድ ጠረገ፣ ሆስፒታል ተሠራ፣ ትራክተር ገባ፤ መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱም ቆመ። ሰዉ ግን እዚያው አለ። ሰፋሪውና ጉሙዙ በእነዚያ ዓመታት እንዴት እንደተጋጩ፣ እንዴትም ገበያ ላይ እንደተገናኙና እንደተላመዱ ወልደሥላሴ አቡቴ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ሰው ለዓመታት አጥንተው መጽሐፍ ጽፈዋል። ፈልጋችሁ አንብቡት።

ቂሙ አልሞተም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ በምትባል ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ንጋት ተገደለ። ሕፃን ሽማግሌ አልተለየም። በዚያና በተከታታዩ ዓመታት ጉሙዙም፣ አማራውም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም፣ አገውም ሞቷል፣ ተሰዷል። የእልቂቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ፖለቲካውም አለ፣ መሣሪያውም አለ። ነፍሰ ገዳይን የሚያነጻ ታሪክ የለም። የመሬቱ ነገር ግን ከሥሩ አለበት፤ መሬቱን ደግሞ ከሥሩ የነቀነቅነው እኛ ነን፣ የመሃል አገር ሰዎች፣ በቅን ልብ ጭምር። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ክፉ ሰው የሠራውን መኮነን ቀላል ነው። ደግ ልጅ ተማሪ በደግ ልቡ የሠራው ጎጆ የሌላው ሰው ቁስል ሲሆን ግን ምን ይባላል?

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ዛሬ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ ለዕረፍቱ ወደ ድሃ አገር ይበራል፤ ገንዘብ ከፍሎ፣ ትምህርት ቤት ቀለም ሊቀባ፣ የሙት ልጅ ሊያቅፍ። እንግዳው ማቀፍ ስለሚፈልግ፣ ኔፓልና ካምቦዲያ ውስጥ እናት አባት ያላቸው ልጆች ከቤታቸው ወጥተው በማሳደጊያ ተሰብስበው ተገኝተዋል። አውስትራሊያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዙሪያ ይህ ነገር በምክር ቤቷ ፊት ቀርቧል። ልጁን ከእናቱ የለየው የእንግዳው ደግነት ነው። እዚያም ደቦውን የጠራው ባለማሳው አልነበረም።

ታዲያ ልጆች አይሂዱ ልል ነው? በፍጹም! ይሂዱ። እንዲያውም አሁን ከበፊቱ የተሻለ በር ተከፍቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሰላም ሚኒስቴር የተመረቁ ወጣቶችን በዩኒቨርሲቲዎች አሠልጥኖ፣ ከተወለዱበት ክልል ውጭ ለወራት ይመድባል። መፈክሩ «በጎነት ለአብሮነት» ነው። በዚህ ውስጥ እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ አንድ ነገር አለ፤ መንገዱ ሁለት ወገን ሆኗል። በ1956ም፣ በ1967ም፣ በ1971ም ሂያጁ የመሃል አገር ልጅ፣ ተቀባዩ የዳር አገር ሰው ነበረ። አሶሳ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የበርታ ልጅ፣ የጉሙዝ ልጅ ተመርቆ ወደ ደጋ ሄዶ ማገልገል ይችላል። ደጋው ሲቀበል ያምርበታል ወይ? ገና እናያለን። እንግዳ መቀበልን በተመለከተ ግን አሶሳን የሚያስተምራት የለም፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በሸርቆሌ፣ ኋላም በባምባሲ ከሱዳን ለሚሸሸው ሁሉ ጥላ ሆናለች።

እንግዲህ በአንድ ክረምት አሶሳ አካባቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሰዎቹንም የመንደሩንም ስም አልጠራም።

በጎ ፈቃደኞቹ ከየክልሉ የመጡ ናቸው፤ አንዱ የሐዋሳ፣ አንዷ የአዳማ፣ አንዱ የእንጅባራ ልጅ። የአቅመ ደካሞችን ቤት ሊጠግኑ ወጥተዋል። አንዲት በርታ አሮጊት ደጅ ደረሱ። የልጅ ልጃቸው፣ ስድስተኛ ክፍል ትሆናለች፣ መሃል ቆማ ታስተረጉማለች።

«እማማ፣ ቤትዎን ልናድስልዎ ነው የመጣነው» አለ አስተባባሪው።

አሮጊቷ በበርትኛ አንድ ነገር አሉ። ልጅቷ ሣቀች። «ከየት ናችሁ ነው የምትለው። ምሳ በልታችኋል ወይ ትላለች።»

ልጆቹ ተሳሳቁና አካፋቸውን አነሡ። ይሄኔ የአዳማዋ ልጅ ወደ ትንሿ ጎንበስ ብላ፣ «አያትሽን ጠይቂልኝ፤ ምን ቢሠራላቸው ይወዳሉ?» አለቻት። ሌላው ሁሉ ቆመ። ይህን ለመጠየቅ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ዝርዝሩ ላይ «ቤት ጥገና» ተብሎ ተጽፏልና።

አሮጊቷ ልጆቹን ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። ከቀርከሃ የተሠራ ጎተራ ነበረ፣ ወደ አንድ ወገን ዘሟል። በዚያ አገር ምስጥ ምሕረት የለውም፤ ከመንዲ ጀምሮ እስከ አሶሳ የቤቱን ምሰሶ፣ የአጥሩን እንጨት፣ ያልተነሣውን አዝመራ ሳይቀር ይበላል። የጎተራውን እግሮች ከውስጥ በልቷቸው ከላይ ልጣጩ ብቻ ቆሟል፤ አሮጊቷ በጣታቸው ቢነኩት ዱቄት ሆነ።

«ቤቱ ዘንድሮን ያከርመኛል። ማሽላዬ ሲገባ ግን የት አኖረዋለሁ?»

ጎተራው ፈርሶ ተሠራ። የእንጅባራው ልጅ ቀርከሃ የሚያውቅ መስሎት ነበር፤ አገሩ የቀርከሃ አገር ነዋ። የደጋ ቀርከሃ ግን ውስጡ ክፍት ነው፤ የአሶሳው ድፍን ነው። ገጀራውን ቢያሳርፍበት ነጠረ። አንድ ጎረቤት ሲያዩ ቆይተው ዝም ብለው መጡና ገጀራውን ተቀበሉት። አንዱን ፈልጠው አሳዩት፣ ሁለተኛውን እጁን ይዘው አስፈለጡት፣ ሦስተኛውን ለእሱ ተዉለት። እግሮቹ ከመሬት እንዳይነኩ ድንጋይ ተነጠፈላቸው፣ ዙሪያው አመድ ተነሰነሰ። ይህንም ያዘዙት አሮጊቷ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር ሥራውን የመሩት፤ ያልወደዱትን ማገር «ይፈታ» ያሰኙ ነበር። ከሰዓት በኋላ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ መጣ። ልጆቹ ገበታውን ከብበው በሉ።

ማታ አስተባባሪው ቅጹን አወጣ። ቅጹ ላይ የታደሰ ቤት ብዛት፣ የተተከለ ችግኝ ብዛት፣ የተለገሰ ደም፣ በመጨረሻም «በገንዘብ ሲተመን» የሚል መደብ አለ። ጎተራ የሚገባበት የለም። አስተባባሪው ወጣት ነው፣ ታማኝም ነው። ጎተራውን «አንድ ቤት» ብሎ መመዝገብ ከበደው፤ ባዶ ቢተወው ደግሞ የቡድኑ ቁጥር ከሌሎቹ ያንሳል። እስክሪብቶውን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ኋላ ከሠንጠረዡ ውጭ፣ ኅዳጉ ላይ፣ «1 ጎተራ፤ በባለቤቷ ጥያቄ» ብሎ ጻፈ።

ያን ቅጽ የሚያዘጋጁት ሰዎች ይህን ወግ ካገኙት አንድ ልመና አለኝ። ለልጆቹ ሥልጠና ሲሰጥ፣ አሶሳ የሚመደበው በርትኛ፣ መተከል የሚመደበው ጉሙዝኛ ሰላምታና የሥራ ቃል ያህል እንኳ ይማር፤ መጽሐፉም አስተማሪውም ዛሬ አለ። ቅጹ ላይ ደግሞ ከቤቱም፣ ከችግኙም፣ ከደሙም በፊት አንድ መደብ ይጨመር፤ ባለቤቱ የጠየቁት ሥራ ምንድን ነው የሚል። እሱ ሳይሞላ ሌላው እንዳይሞላ።